ትልቅ ቤት ከከተማ ዳር ወይስ ልከኛ ቤት? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ ቤተሰብ

ባለፈው ክረምት አጎቴ ቤት ሦስት ሌሊት አደርኩ። ደሴ ዳር፣ ዳገቱ ላይ ያለ ጂ+2 ቤት ነው። ዘጠኝ መኝታ ክፍል አለው። ማታ መብራት የሚበራው ግን ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ጓሮ ያለው ማድ ቤትና ከጎኑ ያለችው ሰርቪስ። አጎቴና ሚስቱ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ቡና ያፈላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። የሳሎኑ ሶፋ አንሶላ ለብሷል። «ለእንግዳ ነው» አለችኝ የአጎቴ ሚስት። «እኔስ?» ስላት ሳቀች። «አንተማ የቤት ልጅ ነህ!» የቤት ልጅ ስለሆንኩም ፍራሼ ሰርቪሷ ውስጥ ተነጠፈ።

አጎቴን ለማማት አይደለም የምጽፈው። እሱም እንደሚያነበው አውቃለሁ፣ ቀድሜ ነግሬዋለሁ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ዘመዶቼ ፕላን ይዘው መጥተው «ስንት ክፍል እናድርገው?» ብለውኛል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሜአለሁ፣ ሲሚንቶም ተሸክሜአለሁ፣ ከግንበኛ ጋርም ተጣልቼ ታርቄአለሁ።

ለምን ትልቅ እንሠራለን?

«ለጉራ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጉራው የለም አልልም። ግን ጉራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ሰው አይደክምበትም።

ወሎ ውስጥ ቤት የሚመዘነው በሚይዘው ሰው ነው። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ሶደቃ አለ፣ መውሊድ አለ፣ ማኅበር አለ። ሙስሊሙ ሲደግስ ክርስቲያኑ ይጠራል፣ ክርስቲያኑ ሲያዝን ሙስሊሙ ቀድሞ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ቤትማ ሁለቱም እዚያው አንድ ጣሪያ ስር ናቸው። ስለዚህ «እንግዳ ቢመጣ የት አስቀምጠዋለሁ?» የሚለው ጭንቀት የእውነት ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ሰው ደሴ ሲገባ፣ ሰፊ ቤት የነበረው ዘመዱን በየክፍሉ አስተኝቷል። ያንን ያየ ሰው «ትልቅ ቤት ምን ያደርጋል?» ቢሉት አይሰማም። እውነቱን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብር ነው። ከደቡብ ወሎ ስንት ልጅ አረብ አገር እንዳለ ለእናንተ አልነግርም። እነሱ የሚልኩት ብር ባንክ ቢቀመጥ ይሟሟል፤ ብሎኬት አይሟሟም። ስለዚህ ሲላክ ይገነባል፣ ካልተላከ ይቆማል። ቤቱ የሚያድገው በቤተሰቡ ልክ ሳይሆን በሚላከው ብር ልክ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ሪያድ ያለች ልጇን በኢሞ ቤቱን ስታስጎበኛት አይቻለሁ። ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ፊት ዘርግታ ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ግድግዳው ገና አልተለሰነም፣ መስኮቱም መስታወት የለውም። «ይሄ ያንቺ ነው። ይሄ የወንድምሽ። ይሄ ደግሞ...» አለችና ቆመች። ለሰባተኛው ክፍል ባለቤት አጣችለት። «ይሄ የእንግዳ» አለች።

ሦስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። በሊዝም በማኅበርም፣ ስንት ተለፍቶ የተገኘ መሬት ባዶ ሲቀር ያንገበግባል። «ከተገኘ አይቀር ጥግ ድረስ እንሙላው» ይባላል።

የኛ ብቻ ችግር አይደለም ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ የሚሠራ የአንድ ቤተሰብ ቤት በአማካይ በ1973 እ.ኤ.አ. 154 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ወደ 250 ደረሰ። ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ቁጥር ግን በዚያው ጊዜ እያነሰ ነው የሄደው። ሎስ አንጀለስ ላይ ተመራማሪዎች 32 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ገብተው ሲከታተሉ፣ ሰዉ የሚሰባሰበው ማድ ቤቱና ቴሌቪዥኑ አካባቢ ሆኖ አገኙት። ከአራት ጋራዥ ሦስቱ ደግሞ ዕቃ ሞልቶት መኪና አያስገባም ነበር። የአጎቴ ሰርቪስ ትዝ አለችኝ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እዚያ ከከተማ ዳር የሚቆመው ሰፊ ቤት በአብዛኛው በ30 ዓመት የባንክ ብድር፣ ቀድሞ በተዘረጋ አስፋልትና የውሃ መስመር ላይ ነው። እኛ በካሽ፣ በቁርጥራጭ እንሠራለን። መንገዱና ውሃው ከቤቱ በኋላ ይመጣሉ፣ አንዳንዴም አይመጡም። ዘመድ ከውጭ ፎቶ ልኮ «እንዲህ አድርጉት» ሲላችሁ ፎቶው ላይ የማይታየውን አስቡ።

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት፣ መመዘኛዎቹ

*ሌሊት የሚያድረው ሰው።* እንግዳ አትቁጠሩ። ተራ ማክሰኞ ሌሊት ስንት ሰው ይተኛል? ያ ነው የክፍላችሁ ቁጥር፤ አንድ ጨምሩበት፣ ይበቃል። «ለቅሶውስ?» ትሉኛላችሁ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ይተከላል። ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ ድስቱንም የሚያመጣው ቅሬው (እድሩ) ነው። ቅሬ ደግሞ ክፍል አይፈልግም፣ ግቢ ነው የሚፈልገው። ሰርጉም እንደዚያው። ንጉሥ ሚካኤልም ቢሆኑ ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበትን አይጠየፍን ራሱን የቻለ አዳራሽ አድርገው ነው ያሠሩት፤ እንግዳውን በየመኝታ ቤቱ አልበተኑትም።

*ተዳፋትና አፈር።* ደሴ ጦሳ ስር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ናዳንና የመሬት መንሸራተትን ታውቃቸዋለች። ዳገት ላይ ቤት ስትሠሩ የመጀመሪያው ወጪ ቤቱ አይደለም፣ ድጋፍ ግንቡ ነው። ይሄን ደላላ አይነግራችሁም። ቤቱ በሰፋ ቁጥር ቆርጣችሁ የምትደለድሉት መሬት ይበዛል፣ ግንቡም ይረዝማል። ቀጥሎ የጣሪያ ውሃ አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 200 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ከሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይወርዳል። የ2,000 ሊትር ሮቶ ሁለቴ ሞላ ማለት ነው። ያ ውሃ በአሸንዳና በቱቦ ካልተመራ የሚሄደው ከታች ያለው ጎረቤታችሁ መሠረት ስር ነው። ከዚያ ቀበሌ መመላለስ ነው። በዚህ ምክንያት ቡና መጣጣት ያቆሙ ሁለት ቤቶች አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ ሌላ ነው። ሜዳው ላይ መቆፈሩ ይቀላል፣ ግን የቦርከና ወንዝን ጎርፍ አስቡ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሁላችንም ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 የካራ ቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈረሳት ሽማግሌዎች አሁንም ያወራሉ። ፎቅ ያሰበ ሰው ብረቱን በመሐንዲስ ያስላ። «እኔ በልምድ አውቀዋለሁ» የሚል ግንበኛ ፎቅ የሌለው ምድር ቤት ይሥራላችሁ።

*ውሃ።* ስድስት ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 300 ሊትር ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ ስድስት ቀን ያህል ያቆያችኋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ከዚህ ተነስታችሁ አስሉ። አራት መታጠቢያ ቤት መሥራት ውሃውን አራት እጥፍ አያደርገውም። ላይ ፎቅ ያለው ሻወር ደግሞ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ... ታውቁታላችሁ።

*መንገድ።* ባጃጁ የት ድረስ ይገባል? በበጋ አትጠይቁ፤ ነሐሴ ላይ ሄዳችሁ እዩ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይም እዩ። ነፍሰ ጡር ወይም የታመመ ሰው ቢኖር ማን ተሸክሞ ያወርዳል?

*ጉልበት።* የብሩን ማለቴ አይደለም፣ የእናታችሁን ጉልበት። ቤት ተጀምሮ እስኪያልቅ አሥር ዓመት ከፈጀ፣ ሲጀመር 55 የነበረ አባት 65 ሆኖ ነው ደረጃውን የሚወጣው። አጎቴ ሰርቪሷ ውስጥ የገባው በዚህ ነው እንጂ ዘጠኙን ክፍል ጠልቶ አይደለም።

*ማለቅ።* ኮለንና ሶሌታ (የኮንክሪት ምሰሶና ወለል) ሲቆም ቤቱ ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። ልስን፣ ሴራሚክ፣ በርና መስኮት፣ መብራት፣ ቧንቧ፣ ቀለም፣ አጥር ይቀራል። እኔ ካየኋቸው ቤቶች መሀል የቀረው ወጪ ካለፈው ያነሰበት አንድም የለም።

*ሰነድ።* ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሊዝ ውል ካለ ግንባታ የሚጠናቀቅበት ጊዜ። ካርታው በእጅ ሳይገባ ቀብድ አትክፈሉ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ሁሉም አያደርገውም።

አንድ፦ ጂ+1 ወይም ጂ+2 ከከተማ ዳር

ፎቅ ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም፤ ላሊበላ ላይ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት ድሮም አለ። ግን ያ ቤት ትንሽ ነው፣ በሰው ልክ የተሠራ።

ትልቁ ቤት የሚያዋጣው ሰው ሲኖርበት ነው። ያገባ ልጅ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ወላጆች ምድር ላይ፣ ሁለት ምጣድ፣ ሁለት መግቢያ። ይሄ ቤተሰብ ካላችሁ ሥሩት፣ አትፍሩ። አንድ መሬት፣ አንድ አጥር፣ አንድ ዘበኛ፣ ልጅ የሚጠብቅ አያት እዚያው። ሁለት ቦታ ከመሥራት በእርግጥ ይረክሳል። ለማከራየትም ይሆናል፤ ግን ተከራዩ በእናንተ ሳሎን አቋርጦ የሚወጣ ከሆነ ኪራይ አትበሉት። ደረጃው ከውጭ ይሁን።

ካልኖረበት ግን ወጪው አይተኛም። 20 መስኮት 20 መጋረጃ ነው። አቧራ የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰፊ ሳሎን ኅዳር ላይ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ሰዉ ታዲያ ከሰል ያስገባና በሩን ይዘጋል። አታድርጉት፣ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ደግሞ ግንቦት ላይ ከቆርቆሮ ስር ያለው ላይኛው ፎቅ ምጣድ ነው። ኮርኒሱን ከፍ አድርጉ፣ አየር ማውጫ ተዉለት። አንድ ሌላ ነገር፣ በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ታክሱ የንብረቱን ዋጋ ስለሚያይ የማትተኙበትም ክፍል ይቆጠራል።

ሁለት፦ ልከኛ ምድር ቤት ከሰፊ ግቢ ጋር

አድልዎዬን አልደብቅም፣ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ሦስት መኝታ፣ አንድ ሳሎን፣ 100 ካሬ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ከኋላ ሁለት ሰርቪስና ማድ ቤት። የቀረው ግቢ ባዶ ይቀመጥ። ባዶ ግቢ የባከነ መሬት አይደለም። ድንኳን ይተከልበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ልጅ ይሮጥበታል፣ ሰደቃ ይደረግበታል። ከፊት ለፊቱ ሰፋ ያለ በረንዳ ካለው አሥራ አምስት ሰው ቡና ይጠጣበታል፣ ያውም ጦሳን እያየ።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ማለቁ ነው። ባለቀ ትንሽ ቤት ውስጥ መኖርና ባላለቀ ትልቅ ቤት ስር ሰርቪስ ውስጥ መኖር፣ ወጪያቸው አንድ ሊሆን ይችላል። አኗኗራቸው አንድ አይደለም።

ጉድለቱ፦ ቤተሰቡ ቢያድግ ወደ ጎን ነው የሚሰፋው፣ ግቢውን ይበላል። መሬቱ 150 ካሬ ብቻ ከሆነም «ሰፊ ግቢ» የሚባል ነገር የለም። ያኔ ሦስተኛውን እዩ።

ሦስት፦ ዛሬ ምድር ቤት፣ ነገ ጂ+1

መሠረቱንና ኮለኑን ለጂ+1 አስባችሁ ትሠራላችሁ፣ ምድሩን ጨርሳችሁ ትገባላችሁ፣ ፎቁ በጊዜው ይደርሳል። አሪፍ ሐሳብ ነው። ግን በግማሽ ልብ ከተሠራ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጣሪያ ላይ ቀና ብሎ ዓመታት የሚቆም ብረት ይዝጋል፤ ስስ ኮንክሪት አልብሱት። ሶሌታው ላይ ቆርቆሮ ካልተደረገ ክረምት ያንጠባጥባል፣ መኝታ ቤት ውስጥ ባልዲ ትደረድራላችሁ። የደረጃውን ቦታ ከመጀመሪያው ወስኑ። አንድ ዘመዴ በኋላ አስታወሰና ሳሎኑን ለሁለት ሰነጠቀው፤ አሁን ቴሌቪዥን የሚያየው ከደረጃ ስር ተጎንብሶ ነው።

አራት፦ መሀል ከተማ ትንሽ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም

ደሴ ፒያሳ ወይ አራዳ አካባቢ አሮጌ የጭቃ ቤት መግዛትና ማደስ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም። ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት ቅርብ ነው፤ የባጃጁ ብር ብቻ በዓመት ሲደመር ያስደነግጣል። ጡረታ የወጡ ጥንዶችና ገና የተጋቡ ይመቻቸዋል። ግቢ የለም። ኮንዶሚኒየም ላይ አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ውሃውም፣ በጉም፣ ማዳበሪያ ሙሉ ከሰሉም በጀርባ ነው የሚወጣው። አሮጌ ቤት ስትገዙ ደግሞ ከቤቱ በፊት የወራሾቹን ቁጥር ጠይቁ።

በአጭሩ በሰንጠረዥ

| መመዘኛ | ጂ+1/ጂ+2 ዳር ላይ | ምድር ቤት ከግቢ ጋር | ዛሬ ምድር፣ ነገ ፎቅ | መሀል ከተማ |
|---|---|---|---|---|
| የሚመቸው ለስንት አዳሪ | 8 እና በላይ | ከ4 እስከ 7 | ዛሬ 5፣ ነገ 9 | ከ2 እስከ 4 |
| ለቅሶና ሰርግ | ግቢው ካልተበላ ይሆናል | በጣም ይመቻል | ይሆናል | ይከብዳል |
| ዳገት ላይ | ውድ፣ ድጋፍ ግንብ ይፈልጋል | ይቀላል | እንደ ጂ+1 ይታሰብ | ጉዳዩ ያነሰ |
| ውሃ | ፓምፕና ተጨማሪ ሮቶ | አንድ ሮቶ | ለነገ ሁለተኛ | መስመሩ ይሻላል |
| ለሽማግሌ | ምድር ላይ መኝታ ካለ ብቻ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | እንደ ፎቁ |
| ኪራይ | ደረጃው ከውጭ ከሆነ ጥሩ | ሰርቪሱ | በኋላ | አነስተኛ |
| ሳያልቅ የመቅረት ስጋት | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | የለም ማለት ይቻላል |

ማን የቱን ይምረጥ?

ብሩ ከአረብ አገር የሚመጣ ከሆነ፦ ሁለተኛው። ለምን? ልጅቷ ቪዛዋ ሊቋረጥ፣ ልትታመም፣ ልትመለስ ትችላለች። ስትመለስ በሩ ተገጥሞ፣ ቧንቧው ውሃ እየሰጠ መድረስ አለበት። በሷ ስም የሚሠራ ከሆነ ካርታው ላይም የሷ ስም ይኑር። በዚህ ጉዳይ ስንት ወንድምና እህት ፍርድ ቤት እንደቆመ አይቻለሁ፣ አፍ አለመክፈት ይሻላል።

ደመወዝተኛ ሆናችሁ መሬቱን በማኅበር ካገኛችሁ፦ ሦስተኛው፣ ግን ምድሩን ጨርሳችሁ ግቡ። ኪራይ እየከፈሉ ፎቅ መጨመር ሁለት አፍ ያለው ጅብ መቀለብ ነው።

ነጋዴ ከሆናችሁና ካሹ በእጃችሁ ካለ፣ ቤተሰቡም ሰፊ ከሆነ፦ አንደኛው። ምድሩ ላይ አንድ መኝታና አንድ መታጠቢያ ይኑር፤ ይሄን ለድርድር አታቅርቡ።

ልጆቻችሁ ወጥተው ሁለታችሁ ብቻ ከቀራችሁ፦ አራተኛው፣ ወይም አነስ ያለ ሁለተኛ። «ልጆቹ ለበዓል ሲመጡስ?» ፍራሽ። እኛ በፍራሽ ነው ያደግነው፣ በዓሉም ያማረው በዚያ ነበር።

ፕላን ከማስነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ካስማና ሲባጎ ይዛችሁ መሬቱ ላይ ክፍሎቹን በልካቸው አስምሩ። እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሽንት ቤት ትሂድ። እሷ የት ቆማ እንዳረፈች እዩ።

ትልቁን ቀድሞ ለሠራ

አጎቴ «ታዲያ እኔ ላፍርሰው?» ብሎኛል። አይፈርስም። ከኋላ በኩል ባለው ባዶ ጥግ የብረት ደረጃ አስገጥሞ ሁለቱን ፎቆች ከምድሩ መለየት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባይሆንም መምህርና ነርስ ተከራይ አይጠፋም። ለላይኞቹ ለየብቻ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ያስገባ፣ ካልሆነ በየወሩ ጭቅጭቅ ነው። ምድር ላይ ያለውን አንዱን ክፍል ማድ ቤት አድርጎ ከሳሎኑ ጋር ማገናኘት ደግሞ አንድ ግድግዳ መቅደድ ብቻ ነው። የአጎቴ ሚስት በዚህኛው ተስማምታለች። አንሶላውን ከሶፋው ማንሳት ላይ ግን ገና እየተደራደርን ነው።